ሎሚዋ ስንት ሴኮንድ ፈጀባት

ኅዳር 12፣ ደብረ ማርቆስ

ዛሬ ማለዳ ወንዙ ዳር ስደርስ ጤዛው ገና አልረገፈም። የወንዙን ንጽሕና ለመመርመር ውሃ የምቀዳባቸውን ጠርሙሶች ከማውጣቴ በፊት እንደ ልማዴ ቆም ብዬ አሸተትሁ። ከድልድዩ በላይ የሣር ሽታ አለ፤ ከድልድዩ በታች፣ የሰፈሩ ቦይ ከሚገባበት፣ ሌላ ነው።

ፍሰቱን የምለካው በሎሚ ነው። ቡሽን ነፋስ ይገፋዋል፤ ሎሚ ግን አብዛኛው አካሏ ስለሚሰምጥ ከውሃው ጋር ትሄዳለች። 10 ሜትር በገመድ ለክቼ ከላይ እለቃታለሁ፣ ሴኮንዱን በስልኬ እቆጥራለሁ። የላዩ ውሃ ከታቹ ስለሚፈጥን ፍጥነቱን በ0.85 አባዝቼ፣ በወንዙ ስፋትና ጥልቀት እመታዋለሁ። ዛሬ 31 ሴኮንድ ፈጀባት። የመጀመሪያዋ ድንጋይ ሥር ገብታ ስለቀረች ሁለተኛ ለቅቄ ነው።

ካቻምና ሎሚም ገመድም አልነበረኝም፤ ውሃ ብቻ ነበር የምቀዳ። ረቂቅ ተሕዋስያን ውሃው ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ሲበሉ በ5 ቀን የሚጨርሱትን ኦክስጅን እለካለሁ፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ቆሻሻው በዝቷል ማለት ነው። በጋ ላይ ከፍ ያለው ቁጥር ክረምት ላይ ዝቅ አለ። ደስ ብሎኝ «ወንዙ በክረምት ይነጻል» ብዬ ጻፍሁ። ያች ገጽ እስካሁን ደብተሬ ውስጥ አለች፤ አልቀደድኋትም።

ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ልብስ የሚያጥቡ እናት አሉ። ያን ጊዜ ያገኘሁትን ስነግራቸው እጃቸውን ከአረፋው አውጥተው ቀና አሉ።

«ነጽቷል ትላለህ ልጄ? ይዞት ነው እኮ የሄደ።»

አምና ሎሚ ይዤ ተመለስሁ። ጥር ላይ በሴኮንድ 30 ሊትር ያህል ይወርዳል፤ ቁጥሩ በሊትር 60 ሚሊግራም። ነሐሴ ላይ ሎሚዋን 9 ሴኮንድ ብቻ ፈጀባት፤ የሚወርደው 1,900 ሊትር፣ ቁጥሩ 6 ሚሊግራም። አባዛሁት። በጥር በየሴኮንዱ ከድልድዩ ሥር የሚያልፈው 1,800 ሚሊግራም፣ በነሐሴ 11,400። ከ6 እጥፍ በላይ! በጋውን ሙሉ በየቦዩና በየጓሮው የተከማቸውን ዝናቡ አጥቦ አምጥቶታል፤ ውሃው ስለበዛ ብቻ ቀጥኖ ታየኝ። እማማ ያለ ጠርሙስ ያውቁት ነበር።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይቶ ነው እንዶድ የቢልሃርዚያ በሽታን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሰበት። ይህን ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። ወንዝ ዳር ስቆም ግን አጣቢዋን አንድም ነገር ሳልጠይቅ አንድ ዓመት ሙሉ አለፈ፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ደግሞ ሌላ ያሳሳተኝ ነገር ነበር፤ ውሃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን። እሱ እንደዚያኛው ቁጥር ሳይሆን ሲያንስ ነው የሚያሰጋ። የተማርንበት ሰንጠረዥ 20 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ በሊትር እስከ 9.1 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል ይላል። እሱ በባሕር ወለል ላይ ነው። እዚህ 2,400 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ንጹሕ ምንጭ እንኳ በዚያ ሙቀት 7 አይሞላም። እኔ 6.5 ባየሁ ቁጥር ከድልድዩ በላይ ያለውን ደኅና ውሃ ታሟል እል ነበር።

ዛሬ ሳጠቃልል እማማ «ስንት ቆጠርህ?» አሉኝ። 31 አልኋቸው።

«ጥር ሲገባ ትተኛለች» አሉ። ከዚያ ልብሱን እየጨመቁ ቀጠሉ፤ «እኅቴ ታች ነው ያለች። ከብቶቿ ሌላ ውሃ የላቸውም። እዚያስ ወርደህ ታውቃለህ?»

አላውቅም። ሁልጊዜ የምለካው ለመኪና መንገድ ከሚቀርበው ከድልድዩ ሥር ነው። የጎጃም ውሃ ዞሮ ዞሮ ጎጃምን እንደ መቀነት ወደ ከበበው አባይ መግባቱን ለማንም እናገራለሁ፤ እስከ እማማ እኅት ደጅ ግን አልወረድሁም።

የዛሬዎቹን ጠርሙሶች ጨለማው ሣጥን ውስጥ በ20 ዲግሪ አስቀምጫለሁ፤ ኅዳር 17 ይከፈታሉ። ነገ ገመዱንና ሁለት ሎሚ ይዤ ከብቶቹ ወደሚጠጡበት እወርዳለሁ።