ከምስክር ወረቀቱ በፊት

ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መተግበሪያ ልማት መሠረታዊ ትምህርቶችን ያለ ክፍያ በኢንተርኔት ማቅረቡ ለሥራ ፈላጊ ወጣቶች ትልቅ ዕድል ነው። ሆኖም ነጻ ትምህርትም የራሱ ወጪ እንዳለው የአክስቴን ልጅ ያየ ይረዳዋል፤ ላፕቶፕ ስለሌላት ኮዱን (ለኮምፒውተር የሚሰጠውን የትእዛዝ ጽሑፍ) በስልኳ ትጽፋለች፣ ቪዲዮዎቹንም ርካሹን የሌሊት ጥቅል ገዝታ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ታያለች። አንዲት ቅንፍ ዘንግታ ፕሮግራሙ አልሠራ ሲላት፣ መጀመሪያ ሰሞን ተበሳጭታ ስልኩን ዘግታ ትተኛ ነበር፤ አሁን ግን የስህተቱን መልእክት መስመር በመስመር እያነበበች ምክንያቱን ትፈልጋለች። እኔ (የድሮ ሰው ሆኜ እንደሆነም እንጃ) ትምህርቱ ሲጠናቀቅ ከሚሰጠው ምስክር ወረቀት ይልቅ ይህን ልማድ አከብራለሁ፤ ጽናት የሚባለውም በማበረታቻ ንግግር ሳይሆን እንዲህ ባለው ጥቃቅን እልህ የሚገነባ ይመስለኛል።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሆኑ ጀማሪውን ያስደነግጣል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ሆኖ ማጥናት፣ አንዱ ያልገባውንም ሌላው በአማርኛ ማስረዳቱ እጅግ ይጠቅማል። የወጣት ማዕከላትና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተሮቻቸውን አመሻሽ ላይ ለእነዚህ ተማሪዎች ቢፈቅዱላቸው ደግሞ ቢያንስ በስልክ ኮድ ከመጻፍ ይገላግሏቸዋል።