ጃቤ ወደ አገጬ እስኪመለስ

ኮተቤን አልፎ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ፣ ካራ አካባቢ፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ አዳራሽ አለ። ክረምት ዝናቡ ሲጥል አሠልጣኛችን የሚለው አይሰማም፤ በእጁ እያሳየ ነው የሚያሠለጥነን። ቦክስ የተማርኩት እዚያ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሰባት ወራት ገመድ ዘለልኩ፣ ሻዶ ሠራሁ (ማለትም አየር ላይ ቡጢ ሰነዘርኩ)፣ የተሰቀለውን ባግ መታሁ። ማለዳ የየካ ተራራን ባሕር ዛፍ እየሰነጠቅኩ ሮጥኩ። ባግ ሲመቱት አይመልስም። ስለዚህ እጄ የበሰለ መስሎኝ ነበር። አንድ ማክሰኞ አሠልጣኙ «ነገ የጥርስ መከላከያህን ይዘህ ና» አለኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

የገጠመኝ ሰው ሁላችንም «ታላቄ» የምንለው ነው። ዕድሜው ወደ 35 ይጠጋል። ቀን የብረት በር ሲበይድ ውሎ ማታ ይመጣል። ከ12 ዓመት በላይ ቦክስ ውስጥ ኖሯል። በኪሎ እንዲያውም እኔ እበልጠዋለሁ። ይህን ሳይ «ቢያንስ በጉልበት እችለዋለሁ» ብዬ አሰብኩ።

አንደኛው ራውንድ ሳያልቅ ትንፋሼ አለቀ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ካራ ደግሞ ከመሀል ከተማው ከፍ ይላል። ግን ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው፤ የከፍታው ጉዳይ አልነበረም። ትንፋሼን ይዤ ስለምመታ ነው። በሰነዘርኩ ቁጥር ጥርሴን ነክሼ አየሩን እዘጋለሁ። ቡጢ ሲመጣብኝ ደግሞ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ታላቄ ከሩቅ ሆኖ ጃብ ያደርጋል፣ ማለትም በፊተኛው እጁ ቀጥ ያለ ፈጣን ቡጢ ይሰነዝራል፤ እኔ ልመልስ ጃብ ስሰነዝር ቀኙ ከላይ ይመጣብኛል። ድጋሚ ጃብ፣ ድጋሚ ቀኝ። ተመሳሳይ ቡጢ ነው፣ አልቀረልኝም።

ሁለተኛው ራውንድ ላይ ተናደድኩ። ሙሉ ጉልበቴን አድርጌ ሰፋ ያለ ቀኝ ወረወርኩ። እሱ ዝቅ ብሎ አሳለፈውና በግራው ሁክ፣ ማለትም ከጎን ዞሮ በሚመጣ ቡጢ፣ ከጎድን አጥንቴ በታች፣ ጉበቴ ላይ አሳረፈው። የጉበት ምት ለየት ይላል። መጀመሪያ ምንም ያልሆንክ ይመስልሃል። እኔም አንድ እርምጃ ሄድኩ። ከዚያ ሕመሙ ከውስጥ ተነስቶ እግሬን ወሰደው። ጭንቅላቴ ንጹህ ነው፣ ሁሉንም አያለሁ፣ እሰማለሁ፤ መነሳት ግን አልቻልኩም። ታላቄ ወዲያው ተንበርክኮ «ተንፍስ ወንድሜ፣ ቀስ ብለህ ተንፍስ» አለኝ። በኋላ እንደነገረኝ በግማሽ ጉልበቱ ነው የመታኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው ቦክሰኛ ያደረገኝ ብዬ አምናለሁ። ፋሻችንን እየፈታን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጥን።

«በቀኝ ስንት ጊዜ መታሁህ?» አለኝ።

«አልቆጠርኩም።»

«ለምን ያገኘሁህ ይመስልሃል?»

«ፈጣን ስለሆንክ ነዋ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ከአንተ እጅ ፈጣን አይደለሁም። ጃብህ ሲሄድ ጥሩ ነው፤ ሲመለስ ግን በሆድህ በኩል ዞሮ ነው የሚመለስ። ያን ጊዜ አገጭህ ባዶ ነው። እኔ ሄዶ እስኪመለስ እጠብቃለሁ፣ በቃ።»

ሰባት ወር ሙሉ ይህን አላየሁም። አሠልጣኙ ነግሮኝ ያውቃል፤ ግን በጆሮዬ ብቻ ነበር የሰማሁት። የታላቄን ቀኝ እጅ ስቀምስ ነው የገባኝ።

እቤት ስደርስ ግራ ዓይኔ ሥር አብጦ ነበር። እናቴ አይታኝ «ልጄ፣ እንዲያው ፊትህን ጠብቅ እንጂ» አለችኝ። እሷም ታላቄም ያሉኝ ያው አንድ ነገር ነው።

በማግስቱ ግቢያችን ውስጥ ያለውን የልብስ ማስጫ ገመድ ትከሻዬ ድረስ ዝቅ አድርጌ ወጠርኩት። ከገመዱ በላይ ጃብ እሰነዝራለሁ። እጄ ሲመለስ ገመዱን ከነካ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። አውራ ጣቴ ጉንጬን እስኪነካ ድረስ አልቆጥረውም። መጀመሪያ በጣም በቀስታ፣ ሻይ እንደሚቀዳ ሰው። ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ይህንኑ ሠራሁ። በየሰንዘራዬ «እሽ» እያልኩ አየር ማስወጣትንም አብሬ ተለማመድኩ። ትንፋሽ የሚያልቀው በሩጫ ማነስ ብቻ ሳይሆን አየር ሳያስወጡ በመምታት ጭምር መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ከታላቄ ጋር የምንገባበትንም መንገድ ለወጥነው። ቀድሞ ስፓሪንግ (ከአጋር ጋር የሚደረግ የቡጢ ልምምድ) ለእኔ ግጥሚያ ነበር፤ ማን አሸነፈ ብዬ ነበር የምወጣው። አሁን ሳልገባ በፊት ሄጄ «ታላቄ፣ ዛሬ የእጄን መመለስ ነው የምሠራው» እለዋለሁ። እሱም ለዚያ የሚሆነውን ያመጣልኛል። ከሦስቱ ራውንዶች አንዱን በጃብ ብቻ እንጫወታለን፤ ሁለታችንም ቀኝ አንጠቀምም። ጃብ ብቻ ሲሆን መደበቂያ የለም። እግርህ የት እንደቆመ፣ ርቀትህ ስንት እንደሆነ በግልጽ ይታያል። ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቀዋለሁ፤ «በምን አገኘኸኝ?» መልሱን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ብዙ ምክር በአንድ ማታ ከተቀበልኩ አንዱንም አልይዝም፤ ሞክሬው አውቃለሁ።

ሻይ ስንጠጣ ታላቄ የአሜሪካዊውን ቦክሰኛ የላሪ ሆልምስን ነገር ያነሳል። ሆልምስ ወጣት ሳለ የመሐመድ ዓሊ የስፓሪንግ አጋር ነበር። ከዓሊ ጋር ብዙ ራውንድ ሠርቷል፣ ብዙም ተመትቷል። እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1980 ደግሞ ያንኑ ዓሊን አሸነፈው። ዓሊ ያኔ 38 ዓመቱ ነበር፣ ጉልበቱም ደክሞ ነበር፤ ታላቄ ይህንን ሳይናገር አያልፍም። ግን ሆልምስ ጃቡን ያዳበረው ከሚበልጡት ጋር ገብቶ ነው ይላል።

አንድ ስህተቴን ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ስፓሪንግ በጀመርኩ በአምስተኛው ወር ከሌላ ክለብ የመጣ፣ ከእኔ በ12 ኪሎ የሚበልጥ ልጅ ጋር ገባሁ። እሱ ስፓሪንጉን እንደ ፍልሚያ ነው የያዘው። እኔም እምቢ ማለት ፈራሁ። ሁለት ራውንድ ጭንቅላቴን ደበደበኝ። ለሁለት ቀን ራሴን አመመኝ፤ ብርሃንም አልወድ አለኝ። ለማንም ሳልናገር ሦስተኛው ቀን ላይ ድጋሚ ጓንት አጠለቅኩ። አሠልጣኙ ሰምቶ ከሪንግ አወጣኝ፤ እንደዚያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። ጭንቅላት ከመጀመሪያው ምት ሳያገግም ሁለተኛ ከተመታ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። በአማተር ውድድር እንኳ ጭንቅላቱን ተመትቶ የወደቀ ቦክሰኛ ለሳምንታት እንዳይገጥም ይታገዳል። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ከዚያ አንድ ወር ሙሉ ስፓሪንግ አልገባሁም። ራሳችሁን ካመማችሁ ተናገሩ፣ እባካችሁ። አሠልጣኛችሁ ካልሰማችሁ አሠልጣኝ ቀይሩ።

ከዚያ ወዲህ ከማላውቀው ሰው ጋር ስገባ በስንት ጉልበት እንደምንሠራ አስቀድመን እንነጋገራለን። ባለ 16 አውንስ ጓንት፣ የጭንቅላት መከላከያ፣ የጥርስ መከላከያ፤ በዚህ ድርድር የለም። አሠልጣኙ ሁልጊዜ የጆርጅ ፎርማንን ነገር ያስታውሰናል። እ.ኤ.አ. በ1974 ኪንሻሳ ላይ ከዓሊ ጋር ሊገጥም ቀናት ሲቀሩት ስፓሪንግ ላይ በክርን ተመትቶ ከቅንድቡ በላይ ተተረተረ፤ መስከረም 25 የነበረው ግጥሚያ ወደ ጥቅምት 30 ተገፋ። የዓለም ሻምፒዮን ላይ የደረሰ ነገር እኛ ላይም ይደርሳል።

ሁልጊዜ ከሚበልጥ ሰው ጋር ብቻ መግባትንም አልመክርም። የሚበልጥህ ሰው ጋር መከላከል ትለምዳለህ፤ ግን የራስህን አዲስ ነገር ለመሞከር ጊዜ አይሰጥህም። እኔ በሳምንት አንዴ ከታላቄ ጋር፣ አንዴ ከእኩያዬ ጋር ነው የምገባው። ከኋላዬ የጀመሩ ልጆች ጋር ስገባ ደግሞ ጉልበቴን ቀንሼ ዓይኔን አሠራለሁ። ታላቄ ለእኔ ያደረገልኝን ሳስብ እነሱን በኃይል መምታት ነውር ይመስለኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ሦስተኛው ራውንድ ሊያልቅ ሲል ጃብ ሰነዘርኩ። አፍንጫው ላይ አረፈ። እጄ ቀጥ ብሎ ወደ ጉንጬ ተመለሰ፤ ወዲያው የታላቄ ቀኝ መጣና ጓንቴን መትቶ ቀረ። ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ ሲመጣ አየሁት። ታላቄ የጥርስ መከላከያውን እንደነከሰ «እሰይ!» አለ።

ደወሉ ሲደወል ትከሻዬን አቀፈኝ። «እጅህ መጣልህ» አለኝ። «አሁን ጃብ ስታደርግ የኋላ እግርህ አብሮህ አይመጣም። ሰኞ እሱን እንይ።»

የግቢያችንን መሬት በኖራ አስምሬዋለሁ።