ዘንድሮ ገናን በግማሽ መደብ ሥጋ ዋልን

ጎጃም ውስጥ ታኅሣሥ ሲሆን ሰው ፊቱ ይፈታል። እህሉ አውድማ ላይ ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ የተያዘው ጾም ወደ ማለቁ ነው። እዚህ ደብረ ማርቆስ የእኛ ሰፈር ገና ሳይደርስ በጌሾና በብቅል ሽታ ይታወዳል።

ዘንድሮ ሽታውም ቀዝቅዞ ነበር። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 ብር አለፈ። ዘይቱም ሳሙናውም የልጆች ደብተሩም ተከትሎት ወጣ። ደመወዝ ከኋላ ቀረ። በዚያ ላይ እኛ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ነው ያለነው። የዓባይ በረሃ መንገድ ሲዘጋ ሱቁ ይራቆታል፤ የተገኘችውም ዕቃ ዋጋዋ አይቀመስም።

እናም ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን ልጆቹን ጠራናቸው። አዲስ ልብስ የለም፤ በግም የለም አልናቸው። ለምን እንደሌለም ነገርናቸው። ትንሿ ትንሽ አኮረፈች። ትልቁ ግን «ድፎ ዳቦስ?» አለ። ድፎ አለ አልነው። በቃ፣ ተስማማን።

ለቅርጫው ከጎረቤት ጋር አንድ መደብ ለሁለት ገባን። የቅርጫ ደግነቱ ከሽንጡም ከጉበቱም ከጨጓራውም ለሁሉም እኩል መድረሱ ነው። ዕጣችንን አንስተን እንደገና ትሪ ላይ ለሁለት አካፈልነው። ጠላውንም ከሦስት ቤት አዋጥተን ጠመቅን። ጌሾ ከአንዷ፣ ብቅል ከሌላዋ፣ ማገዶና ጋን ከእኔ። እንኩሮው እኛ ቤት ሲነኮር የዋለው ወሬና ሳቅ ለየብቻችን ብንጠምቅ የሚገኝ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ግን ወጪ መቀነስ ነው። ልቤ ገና አልሞላም ነበር። እናቴ «ተመስገን በይ፣ ከእኛ የባሰ ስንት አለ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። እኔን ግን ይህ አባባል አያጽናናኝም። የባሰበት ሰው እኮ አጥር ለአጥር ያለ ጎረቤቴ ነው። በእሱ ችግር እንዴት ደስ ይበለኝ?

ስለዚህ ሌላ ነገር ሞከርኩ። ዓመቱን ማን ማን እንዳሻገረን በልጄ ደብተር ጀርባ ላይ ጻፍኩ። እግዚአብሔርንማ በየቀኑ አመሰግናለሁ፤ እሱ በማን እጅ እንደረዳኝ ግን ቆጥሬ አላውቅም ነበር። ደመወዝ ሳይደርስ በዱቤ ዱቄት የሰጠኝ ባለሱቅ። እኔ ሥራ ስውል ልጄን ከትምህርት ቤት ተቀብላ ምሳ የምታበላልኝ ጎረቤቴ። ክረምት ላይ እናቴ ሌሊት ሲያማት፣ ማንም በማይንቀሳቀስበት ሰዓት ሐኪም ቤት ያደረሰን የባጃጅ ልጅ።

የገና ዕለት ድፎውን ቆርሼ በሳህን በሳህን አደረግኩና ዞርኩ። «እንኳን አደረሰህ» ብዬ ብቻ አልተመለስኩም። የምን ቀን ምን እንዳደረገልኝ ለእያንዳንዱ ነገርኩት። መጀመሪያ ላይ ከበደኝ። እኛ አገር ውለታ በዓይን ነው የሚመለሰው፤ አፍ አውጥቶ መዘርዘር አልለመድንም።

የባጃጁን ልጅ ያገኘሁት እናቱ ቤት ነው። ሳህኑን እንደያዘ ቆመና «እትዬ፣ እናትዎ ተረፉ?» አለኝ። ደነገጥኩ። ያን ሌሊት በሩ ላይ አውርዶን ከሄደ ወዲህ መጨረሻውን የነገረው ሰው አልነበረም። በዚያ መንገድ ባለፈ ቁጥር እናቴን እንደሚያስባት አጫወተኝ። «ድናለች፤ ይኸው ዛሬ ቡና እያፈላች ነው» ስለው እናቱ እልል አሉ። ምስጋናውን ለእሱ ብዬ ይዤ ሄድኩ እንጂ፣ እኔ ነኝ ሞልቶልኝ የተመለስኩት።

ይህን ማድረግ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ከእኔ የቀሰማችሁት ይህ ይሁን። የሰውየውን ሥራ ለይታችሁ ንገሩት፤ «ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ» ማለት ከጆሮ አያልፍም። የረዷችሁ ሰዎች ነገሩ በምን እንዳለቀ አያውቁም፤ መጨረሻውን ንገሯቸው። ባዶ እጅ መሄድ ከከበዳችሁ ቁራሽ ዳቦ ይበቃል። ልጆችም ይምጡ፤ የእኔዋ ኩርፊያዋን የረሳችው ሳህን ተሸክማ ስትዞር ነው። ደግሞ አመሰገንኩ ማለት ኑሮ አልከበደኝም ማለት አይደለም። ዋጋው ዛሬም ያመኛል፤ ያመኛል ማለቴንም አልተውኩም።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። ጥር 11 ልጆቼ የአምናውን ልብስ አጥበን አልብሰናቸው ታቦት ሸኙ። ከዝርዝሬ የቀረችኝ ቢቸና ያለችው አክስቴ ናት። በበጋው ሁሉ የበላነው ጤፍ የእሷ ነው። መንገዱ ሲመች ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ ብያለሁ። ለጊዜው በስልክ አመሰገንኳት። አላስጨረሰችኝም። «ተይው እሱን፤ ጤፉ ያደርሳችኋል ወይስ ልጨምር?»