አባቴ፣ ራንዶልፍና አንድ አሮጌ ክላርኔት

ከ11 ዓመት በኋላ ኮምቦልቻ ገባሁ። ሻንጣዬ ውስጥ፣ ከጫማውና ከሽቶው መሀል፣ አንድ አሮጌ ክላርኔት ነበረ። እናቴ ስታየው ዝም አለች። ቆይታ "ይሄን ደግሞ ምን ልሁን ብለህ ነው?" አለችኝ።

አባቴ በወጣትነቱ የጦር ሠራዊት ማርሽ ባንድ ውስጥ ክላርኔት ይነፋ ነበር። በኋላ እዚሁ አንድ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበርም ሆነ። ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ አምባሰል ይነፋል። ባቲ ለኮምቦልቻ ቅርብ ናት፤ እሱ ግን ከባቲ ቅኝት አምባሰልን ያስበልጥ ነበር። ክራር የለ፣ ከበሮ የለ፣ ብቻውን። ልጅ ሆኜ ማኅበሩም ክላርኔቱም ያናድዱኝ ነበር። ማኅበሩ እድገት አስከልክሎታል፤ ክላርኔቱ እንቅልፍ ከልክሎኛል።

ክላርኔቱ የኔን የመንገድ ወጪ ለመሙላት ተሸጠ። አባቴ ሲሞት ዋሽንግተን ነበርኩ። ለቅሶውን የተቀመጥኩት በስልክ ነው።

እዚያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራ ነበር። አለቃዬ ስሜ አልያዝለት ሲል "ሳም" አለኝ። በቃ፣ ሳም ሆንኩ። ባቡር የምቀይረው ዩኒየን ስቴሽን ነው። ጣቢያው ውስጥ የኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ የነሐስ ሐውልት አለ። ማን እንደሆነ ሳላውቅ ስንት ቀን አጠገቡ ቆሜ ቡና ጠጥቻለሁ። አንድ ማታ ባቡር ሲዘገይ ስሙን አየሁና በስልኬ ስለሱ ማንበብ ጀመርኩ።

ራንዶልፍ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ የፑልማን ኩባንያን የመኝታ ባቡር አስተናጋጆች በማኅበር ያደራጀ ሰው ነው። ጥቁሮች ነበሩ። ተሳፋሪው ሁሉንም በኩባንያው መሥራች በጆርጅ ፑልማን ስም "ጆርጅ" እያለ ይጠራቸው ነበር። እዚህ ላይ ስደርስ ደረቴ ላይ ያለውን ባጅ አየሁት። ኩባንያው የሕብረት ስምምነት እስኪፈርም 12 ዓመት ፈጀ። በ1937 ሲፈርም የወር ሥራቸው ከ400 ሰዓት ገደማ ወደ 240 ወረደ። ደግሞ ራንዶልፍ ራሱ አስተናጋጅ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ኩባንያው ሊያባርረው አይችልም።

አባቴን ግን ማባረር ይችሉ ነበር። እንጀራው እዚያው ነበር። ያን ማታ ባቡር ውስጥ አለቀስኩለት፤ በስልክ ከተቀመጥኩት ለቅሶ የባሰ።

ከወራት በኋላ እኛም ጋ ማኅበር ለማቋቋም ፊርማ ሲሰበሰብ ፈረምኩ። ጀግና አይደለሁም፣ ስምንተኛው ነኝ። ግን ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። በዚያው ሰሞን ካገለገለ ዕቃ መሸጫ ክላርኔቱን ገዛሁ።

ክላርኔት ክፉ ነው። አፉ ላይ የምትታሰረው ስስ ቁራጭ ሸምበቆ ስለሆነች እንደ ዋሽንት መስሎኝ ነበር። ዋሽንትን ጠንከር አድርገህ ስትነፋው ያው ድምፅ ከፍ ብሎ ይመጣል። ክላርኔት ሌላ ድምፅ ላይ ይጥልሃል። ስለዚህ የታችኛውና የላይኛው የጣት አያያዝ ይለያያል፤ መሸጋገሪያው ላይ ጀማሪ ሁሉ ሲጥ ያደርገዋል። ባንድ ውስጥ ብትሆን ከበሮው ይውጥልሃል። ብቻህን ስትነፋ የት ትደበቃለህ?

በሁለተኛው ቀን እናቴ ቡና አፈላች። የአባቴ የፈረቃ ጓደኛ፣ ሰፈሩ "ሐጂ" የሚላቸው፣ መጡ። በአባቴ ጊዜ ማኅበሩ ለሌሊት ፈረቃ ሴቶች ሰርቪስ አስፈቅዶ እንደነበር ያን ቀን ነው የሰማሁት። "መኪናውን በአባትህ ስም ነበር የምንጠራው። ሹፌሩ ይናደድ ነበር" አሉና ሳቁ። ቤት ውስጥ አንድም ቀን አላወራልንም።

"በል እስቲ ንፋው" አሉኝ።

አምባሰል ጀመርኩ። ታች ታቹን ደህና ሄድኩ። መሸጋገሪያው ላይ ሲጥ አለ። አፍሬ አወረድኩት።

"አብሽር ልጄ" አሉኝ ሐጂ፣ ስኒያቸውን ሳያስቀምጡ። "አባትህም እዚያች ላይ ሲደርስ ይጮህበት ነበር። እኛማ ሆን ብሎ ይመስለን ነበር።"