ሳሩ ለምለም፣ ላሟ አጥንት

በምዕራብ አውስትራሊያ ደቡብ ጠረፍ፣ ዴንማርክ በምትባል ከተማ አጠገብ ላም አልባለሁ። ስሟ ነው እንጂ ከአውሮፓዋ ዴንማርክ ጋር አትገናኝም። ሁለት ዓመት ሌሊት 10 ሰዓት እየተነሳሁ ካለብኩ በኋላ የእርሻውን ባለቤት አያት ታሪክ ለመጻፍ ተነሳሁ። መነሻዬ ሼዱ ውስጥ ያገኘሁት የአያትየው አሮጌ ደብተር ነው።

አያትየው እንግሊዛዊ የከተማ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1921 የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ጄምስ ሚቼል ደኑን አስመንጥረው የወተት እርሻ ለማድረግ ዘመቻ ጀመሩ። 20 ያህል ቤተሰብ በአንድ ቡድን እየሆነ ጫካ ገባ። የቀን አበላቸው 10 ሺሊንግ፣ ቤታቸው ቆርቆሮ፣ የሚጥሉት ዛፍ ካሪ የሚባል ግዙፍ ግንድ ነው። ብዙዎቹ ጥለው ሄዱ። እሳቸው ቀሩ።

ስህተቴ ደብተሩን ገረፍ አድርጌ መጻፍ መጀመሬ ነው። ላሞቻቸው እየከሱ አልቀዋል። ቤተሰቡም «ከብት አያውቁም ነበር» ይላል። እኔም አምኜ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ኋላ መስመር በመስመር ሳነበው እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «ዴዚ። ሳር ሞልቷል። አትበላም። ሞተች።»

ሰላሌ ላለው አባቴ ደወልኩ። ዕድሜውን ከከብት ጋር ነው የኖረው።

«ሌላ መስክ ሲወስዷቸው ይድናሉ?» አለኝ።

«ምነው አባዬ?»

«መሬቱ የጎደለው ነገር ይኖራላ። እኛ ሆራ የምናወርዳቸው፣ አሞሌ የምናስልሳቸው ለምን ይመስልሃል?»

ወደ ደብተሩ ተመለስኩ። ሌላ ቦታ የተወሰዱ ሁለት ላሞች ወፍረው ተመልሰዋል! የገበሬ ሕይወት የምትጽፉ ሰዎች፣ ከቤተ መጻሕፍት በፊት ከብት የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

መልሱን ኤሪክ አንደርውድ እና ፊልመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1935 አግኝተውታል። አፈሩ ኮባልት የሚባል ማዕድን አጥሮት ነበር። በላም ጨጓራ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ቫይታሚን ቢ12 የሚሠሩት በእሱ ነው። ካጣች መብላት ታቆማለች፤ ሳር መሀል ቆማ ትመነምናለች። መድኃኒቱ ቅንጣት ታህል ኮባልት ነው።

ሦስቱን ገጽ ቀደድኩ። አዲሱን ለእርሻው ባለቤት እየተረጎምኩ አነበብኩለት። ዴዚ ጋ ስደርስ ደብተሩን ተቀበለኝና ጽሑፉን በጣቱ ዳሰሰው።

«ጥፋቱ የሳቸው አልነበረማ» አለ።

በማግስቱ ለላሞቹ የሚላስ ጨው ሳወጣ ከረጢቱን አየሁት። ኮባልት ይላል። ሁለት ዓመት ተሸክሜዋለሁ፤ አንብቤው ግን አላውቅም ነበር።