የልዕልቷ ሳል

«ፍልስፍና ነው ወይስ ሥነ ጽሑፍ?» በቅጥር ቃለ መጠይቅም፣ በምርምር ማመልከቻም፣ በመጽሔት ገምጋሚዎች አስተያየትም ስትከተለኝ የኖረች ጥያቄ ናት። ዛሬ ደግሞ ለማማክራት የዶክትሬት ተማሪ ቀረበችላት። ጥናቷ የቦሔሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ ከፈረንሳዊው ፈላስፋ ከዴካርት ጋር በተጻጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ላይ ነው። ገምጋሚዎቹ ክርክሩን በአንድ ምዕራፍ፣ የደብዳቤዎቹን አጻጻፍ በሌላ ምዕራፍ ለይታ እንድታቀርብ መከሯት። ቤት ገብቼም ነገሩ አልለቀቀኝም።

ኤልሳቤጥ፣ ቤተሰቧ ዙፋኑን አጥቶ ሄግ በስደት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1643 ለዴካርት ጻፈች። ነፍስ ረቂቅ ከሆነች ግዙፉን ሥጋ በምን ታንቀሳቅሰዋለች? ስትል ጠየቀችው። መልሱ አላረካትም፤ ረቂቅ ነገር ግዙፉን ያንቀሳቅሳል ከማለት ይልቅ ነፍስም ግዝፈት አላት ማለት እንደሚቀላት አስታወቀችው። ይህን የዘመኑን ፍልስፍና ያጠና ሁሉ ያውቀዋል።

እኔን ይዞ የሚያስቀረኝ የ1645ቱ መጻጻፍ ነው። በዚያ ዓመት የማይለቅ ትኩሳትና ደረቅ ሳል ይዟት ነበር። ዴካርት ምንጩ ኀዘን ነው ብሎ ገመተ፤ ሐሳቧን ከመከራዋ እንድታርቅ መከራት፤ የጥንቱ ሮማዊ ፈላስፋ ሴኔካ ስለ ደስተኛ ሕይወት የጻፈውንም አብረው እንዲያነቡ ጋበዛት። እሷ ግን የማመዛዘንን ኃይል ጨርሶ የሚነጥቅ ሕመም አለ አለችው። ደስታ በእኛ ፈቃድና ማስተዋል ብቻ የሚገኝ ከሆነ፣ ማስተዋልን ራሱን ሥጋ ሲያውከው ምን ይኮናል? ማስረጃዋ የገዛ አካሏ ነው። ሳሉንና የቤተሰቡን ኀዘን ካወጡት ክርክሩም አብሮ ይወጣል። ለዚህ ነው ያ የምዕራፍ ክፍፍል ያንገበገበኝ።

ዴካርት በ1649 ያሳተመው፣ ስለ ነፍስ ስሜቶች የሚያትተው መጽሐፍ የበቀለው ከዚሁ መጻጻፍ ነው። እሱ ካረፈ በኋላ የእሱ ደብዳቤዎች ታተሙ፤ የእሷን ግን እንዲታተሙ አልፈቀደችም። እስከ 1879 ድረስ አንባቢ መልሱን እንጂ ጥያቄዋን አላገኘም። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሥራዬን አዲስ እንደተቀጠረ ሰው እወደዋለሁ።

ተማሪዬ ነገ ጠዋት ትመጣለች። ሁለቱን ምዕራፎች አንድ አድርጊያቸው እላታለሁ። ለገምጋሚዎቹ የሚሰጠውን ምላሽ እኔ እጽፋለሁ፤ የ1645ቱን ደብዳቤ ሙሉውን አያይዤ።