በሚካኤል ዕለት ከጣርማ በር በታች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ለኩላሊት ሕሙማን የእጥበት ወጪ ለማሰባሰብ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በብስክሌት ስንጓዝ፣ በሁለተኛው ቀን፣ ጥቅምት 12፣ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት የተደረገልንን ልንመሰክር ነው። ያንን ቁልቁለት የሚወርድ ሌላ ሰው እንዲጠቀምበት የሆነውን ከነምክንያቱ እንናገራለን።

የዕለቱ መንገድ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት፣ 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነች፣ መንገዱ ተራራውን የሚሻገርበት ጣርማ በር ከ3,000 ያልፋል፣ ሸዋ ሮቢት ግን ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ትላለች።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስንነሳ ሜዳው ውርጭ ለብሷል። የመጀመሪያው ስሕተት የተሠራው ያን ጊዜ ነው። ከሁላችን ከባዱ ወንድማችን እሱ 80 ኪሎ፣ ብስክሌቱ ከነጭነቱ 15 ኪሎ ነው፤ «ክብደት አለኝና ጠንከር ይበል» ብሎ ጎማውን 110 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አስነፋው። 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ጎማ በዚያ ክብደት 90 ይበቃው ነበር። ጎማው እየተነፋ ሳለ እናቱ ደወለችለት። «ዛሬ ሚካኤል ነው። ሥዕሉን ያየህበት ቦታ ሳትሳለም እንዳታልፍ፣ አደራ!»

እስከ ጣርማ በር ያለው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ከነፋስ ጋር ትግል ነው። በዚያ ከፍታ አንድ ትንፋሽ ይዞት የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ ስለዚህ ከፊት ሆኖ ነፋሱን የሚቀበለው ሰው በየሁለት ደቂቃው ይቀየር ነበር። በየ40 ደቂቃው ስኳርና ትንሽ ጨው የገባበት በሶ ጠጣን። በብርድ ውሃ አይጠማም፤ ሰውነት ግን እየደረቀ ነው፣ ሳይጠማም መጠጣት ግድ ነው።

ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን ዋሻ ከፊትም ከኋላም መብራት አብርተን አለፍን። በወዲያኛው አፍ ጉም ጠበቀን። ላብ ያረጠበው ሰው እንዲሁ ቁልቁል ከወረደ ጣቱ ደንዝዞ ፍሬን መያዝ ያቅተዋል፤ ደረታችን ላይ ጋዜጣ ከተን፣ ጃኬት ደርበን፣ በመካከላችን 30 ሜትር ያህል እየተውን ወረድን።

እዚህ ላይ ስለ ፍሬን ጠበቅ አድርገን እንናገር። 95 ኪሎ የሚመዝን ሰውና ብስክሌት ከ400 ሜትር ከፍታ ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። በፍጥነት የሚሄድ ሰው ገሚሱን ነፋስ ይወስድለታል። ፈርቶ ፍሬኑን ሳይለቅ በዝግታ የሚወርድ ግን ሙቀቱን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ፍሬኑ በሚጨብጠው ቸርኬ ላይ ይጭነዋል። ትክክለኛው አያያዝ ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ ቀጥታው ላይ ፈጽሞ መልቀቅ፣ ደረትን ቀና አድርጎ ነፋሱን ራሱን ፍሬን ማድረግ ነው። ወንድማችን ጉሙን ፈርቶ የፊት ፍሬኑን ከዋሻው ጀምሮ ሳይለቅ ነበር የወረደው። ከኋላው የነበርነው የተቃጠለ ጎማ ሽታ ሸቶናል፤ የሲኖትራክ ፍሬን መስሎን ዝም አልን። ሁለተኛው ስሕተት ይህ ነው።

ደብረ ሲና ሳንደርስ፣ ከአንድ ጠባብ መታጠፊያ በላይ፣ አንድ አዛውንት ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚለምኑበትን ጃንጥላ ዘርግተው፣ የሚካኤልን ሥዕል ድንጋይ ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል። የጃንጥላው አንድ ዘንግ ተሰብሮ ጨርቁ በዚያ በኩል ወድቋል፤ ጠርዙ ላይ የነበረው ወርቃማ ዘርፍም ረግፎ ሦስት አራት ክር ቀርቶታል። «ልጆቼ፣ ሚካኤልን ሳትሳለሙ አትለፉ» አሉ። ወንድማችን የእናቱን አደራ አስቦ ቆመ። ብስክሌቱን ከግንቡ አስጠግቶ፣ ቆቡን አውልቆ፣ ሥዕሉን ተሳልሞ ቀና ሲል የፊት ጎማው ጧ! ብሎ ፈነዳ። የጭነት መኪና ጎማ የፈነዳ ነበር የሚመስለው። አዛውንቱ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ሚካኤል! ሚካኤል!» አሉ።

ወዲያው ቸርኬውን የነካ ሰው ጣቱ ተለበለበ። ቀዝቀዝ ሲል ጎማውን አውልቀን አየነው። በቸርኬው ውስጥ የሽቦዎቹን ቀዳዳዎች የሚሸፍነው ለስላሳ ፕላስቲክ በሙቀት ላልቶ ወደ ቀዳዳዎቹ ሰርጉዷል። የውስጡ ጎማ ተከትሎት ገብቶ፣ የቀዳዳው ጠርዝ የጣት ጥፍር በሚያህል ቁራጭ ጎምዶታል። ግፊቱም ረድቶታል፤ በጠዋት ብርድ 110 የተነፋ ጎማ የውስጡ አየር 80 ዲግሪ ሲደርስ ከ135 ያልፋል።

ነገሩን የሚያውቅ ሰው «የፈነዳው ስለቆመ ነው» ይለናል፣ ለምን እንደሚል እናውቃለን። ብስክሌት ሲቆም የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ይቀራል፤ ሙቀቱም ከቸርኬው ወደ ውስጠኛው ጎማ ይሰርጋል። እውነት ነው። ግን ያ ፕላስቲክ በመንገድ ላይ እያለ ነው የሰረጎደው፤ ቀጣዩ መታጠፊያ ደግሞ ፍሬን ከምንም በላይ የሚያዝበት ነበር። ጎማውን ገና ፈትተን ሳንጨርስ በዚያው መታጠፊያ አንድ ተሳቢ መንገዱን ሞልቶ ወጣ። በዚያ ላይ የፊት ጎማ የፈነዳበት ሰው መሪውን አያዝዝም፤ በአንድ በኩል ተሳቢው፣ በሌላው ገደሉ። እኛ ይህን አጋጣሚ ማለት አንችልም። እናት ጠዋት አደራ አለች፣ መልአኩም በመንገድ ቆሞ ልጇን ተቀበለ።

ግማሽ ሰዓት ጠብቀን ያንን ፕላስቲክ ጣልነው። ለቁስል የያዝነውን የጨርቅ ፕላስተር በቸርኬው ዙሪያ ሁለት ዙር ጠቀለልንና አዲስ የውስጥ ጎማ አስገብተን 85 ነፋን። የፍሬኑን ጎማ በአሸዋ ወረቀት ፈግፍገን የተሰካበትን የብረት ፍቅፋቂ አወጣን። የጨርቅ ፕላስተር በሙቀት እንደዚያ አይሰረጉድም። ከዚያ በኋላ በየአምስት ኪሎ ሜትሩ እየቆምን ቸርኬ እየዳሰስን ወረድን፤ ሸዋ ሮቢት የገባነው 11 ሰዓት ላይ ነው፣ ሁላችንም፣ ሳንቧጨር።

ወንድማችን እዚያው መንገድ ላይ ተስሎ ነበር። ኅዳር 12፣ በዓመታዊው የሚካኤል በዓል፣ እናቱን ይዞ ተመለሰ። አዛውንቱ እዚያው ቦታ አሮጌውን ጃንጥላ ዘርግተው አገኟቸው። አዲሱን ከፍቶ ያስያዛቸው እሱ ነው፤ አሮጌውን አጥፋ የተቀበለቻቸው እናቱ ነች።